ከጠርሙስ ክዳን የግድግዳ ሥዕል፦ ለማኅበረሰብ ቡድኖች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ የማኅበረሰብ ጥበብ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የሚቀረጽ አለ፣ በተሰበረ ሴራሚክ የሚለበጥ አለ፣ ከቆርቆሮ የሚቀጠቀጥም አለ። ይህ መመሪያ አንዱን ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ እርሱም በፕላስቲክ የጠርሙስ ክዳን የሚሠራው የግድግዳ ሥዕል ነው። ክዳን በየቤቱ ይገኛል፤ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ቅብ አይፈልግም፤ መጠኑም ተቀራራቢ በመሆኑ ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ ሊለየውና ሊደረድረው ይችላል። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በብሎን ከታሰረ ደግሞ የሥዕሉ ዘመን ሲያበቃ ተፈትቶ ከሌላው ፕላስቲክ ጋር እንደገና ወደ ፋብሪካ መሄድ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥራው ቅደም ተከተል መያዝ አለበት። አብዛኛው ቡድን ተሰብስቦ መጀመሪያ ሥዕሉን ይወስናል፣ ከዚያም ክዳን ፍለጋ ይወጣል፤ ቡናማ ወይም ሐምራዊ ክዳን እንደልብ እንደማይገኝ የሚገነዘበው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ያለውን ክዳን በስፕሬይ መቀባት፣ ወይ አዲስ ክዳን መግዛት። ሁለቱም ሥራውን ቆሻሻ ከሚቀንስ ተግባር ወደሚያበዛ ተግባር ይለውጡታል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል ግድግዳ፣ ክዳን፣ ቆጠራ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥዕል የሚል ነው።

1. ግድግዳውን መምረጥና ፈቃዱን መያዝ

የግድግዳው ባለቤት ግለሰብም ይሁን ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤትም ይሁን የጋራ ሕንፃ ኮሚቴ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። በደብዳቤው ላይ ሥዕሉ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ ዘመኑ ሲያበቃ ማን እንደሚያወርደው፣ ግድግዳው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ደግሞ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገራችሁ ይስፈር። በሕንድ ቻንዲጋር ከተማ ኔክ ቻንድ የተባለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ከፍርስራሽ ሴራሚክ፣ ከተሰበረ የእጅ አንባርና ከመሰል ውዳቂ ዕቃ በመንግሥት መሬት ላይ በሥውር የሠራው የሐውልት ሥፍራ በ1975 በባለሥልጣናት ሲደረስበት ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር፤ ያዳነው የሕዝብ ድጋፍ ሲሆን በ1976 ለጎብኚዎች ተከፍቷል። እንዲህ ያለው ዕድል ለሁሉም አይገጥምም፤ በደብዳቤ መተማመን ይሻላል።

ግድግዳው ከተቻለ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማያርፍበት ይሁን። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን ቀለም ከማደብዘዙም በላይ ውሎ አድሮ ፕላስቲኩን ራሱን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ጣሪያው ወጣ ብሎ የሚያጠላበት ግድግዳ ካለ እርሱ ይመረጣል። ከፀሐይ ይልቅ የሚያሳስበው ግን እሳት ነው። ክዳን ይቀጣጠላል፤ ሲቀልጥም እየተንጠባጠበ እሳቱን ወደ ታች ያወርዳል። በዚህም ምክንያት ሥዕሉ ከማብሰያ ቦታ፣ ከጄነሬተርና ከኤሌክትሪክ ቆጣሪ መራቅ አለበት፤ በደረጃ መውጫና ለአደጋ ጊዜ በተተወ መተላለፊያ ላይ ደግሞ ፈጽሞ መሰቀል የለበትም። ባለቤቱ ቢፈቅድም እናንተ አትፍቀዱ።

2. ምን ይሰበሰባል፣ ምን አይሰበሰብም

የውሃ፣ የለስላሳ መጠጥ፣ የወተትና የዘይት ጠርሙሶች ክዳን በአብዛኛው ከሁለት የፕላስቲክ ዓይነቶች በአንዱ የተሠራ ነው፤ እነርሱም በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር 2 የሚጻፍበት ፖሊኤትሊንና ቁጥር 5 የሚጻፍበት ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። ሁለቱም ከውሃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ። ጠርሙሱ ራሱ የሚሠራበት ቁጥር 1 ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል። ይህ ልዩነት በእጥበት ጊዜ ይጠቅማል።

የፀረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ፣ የሞተር ዘይትና የቀለም ዕቃዎች ክዳን አይሰበሰብም። የመድኃኒት ብልቃጥና ከጤና ተቋም የወጣ ማንኛውም ነገር፣ ቢታጠብም እንኳ፣ አይነካም። ልጆች ከቆሻሻ ክምር ላይ እንዳይለቅሙ አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፤ ለእነርሱ የሚስማማው ከቤትና ከጎረቤት ማሰባሰብ ነው። ለአዋቂ ለቃሚዎችም ቢሆን ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ ግድ ነው።

በየአካባቢው ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ክዳን ለእነርሱ ገንዘብ ነው። በጎ ፈቃደኞች በነፃ ሰብስበው ሲወስዱት የአንድ ቤተሰብ ገቢ ሊጎድል ይችላል፤ ስለዚህ ከክዳኑ የተወሰነውን በገበያው ዋጋ ከእነርሱ መግዛት፣ ከዚያም አልፎ በቡድኑ ውስጥ እንዲገቡ መጋበዝ ተገቢ ነው። ደግሞም የትኛው ቀለም ከየት እንደሚገኝ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መሰብሰቢያው ውስጡ የሚታይ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። አናቱ የተቆረጠ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቢቀመጥ ሰው መጠኑ ከፍ ሲል እያየ ይጨምርበታል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የገባ ግን ማንንም አያነሳሳም። ለመሰብሰቡ ሁለት ወር ገደማ ስጡት፤ ከዚያ ካለፈ የሰው ፍላጎት ይቀዘቅዛል።

አሮጌ ክዳን ሲመጣ አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል። ክዳኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዛችሁ ጎንና ጎኑን ጨመቅ አድርጉት። ጤነኛው ክዳን ሞላላ ሆኖ ይተጣጠፍና ሲለቁት ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ፀሐይ የበላው ግን በጠርዙ በኩል ነጭ መስመር ያወጣል፣ ወይም ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ጣት ላይም ጠመኔ የመሰለ ብናኝ ይተዋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ወጥቶ አንድ ዓመት አይዘልቅም፤ አሁኑኑ ይለይ።

3. እጥበት

ትልቅ በርሜል ወይም ሰፊ ሳፋ በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ሙሉ፤ ክዳኑን ጨምራችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከዘፈዘፋችሁ በኋላ በዱላ አማስሉት። ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ አሸዋው፣ የብረት ቁርጥራጩና በስሕተት የተቀላቀለው የጠርሙስ ስባሪ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ በወንፊት እየጨለፋችሁ ወደ ንጹሕ ውሃ አዛውሩ።

አንዳንድ ክዳን ውስጥ በጣት ጥፍር የሚነሣ ስስ ክብ ልባድ አለ። ከሥሩ የተቀረቀረ የለስላሳ ስኳር ወይም የወተት ቅሪት ስለሚኖር ልባዱ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ጉንዳንና ንብ ሥዕሉን ከሰው ቀድመው ያገኙታል። የወተት ክዳን ከታጠበ በኋላም ሊሸት ይችላል። እርሱን 1 እጅ በረኪና በ50 እጅ ውሃ በተበጠበጠ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ማቆየትና በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። የታጠበው በጥላ ሥር ተሰጥቶ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ክዳን በከረጢት ውስጥ ይሻግታል።

4. መለየትና መቁጠር

መለየቱ ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ በመጠን፣ ቀጥሎ በቀለም ይለያል። የተለመደው የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ከዳር እስከ ዳር 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የወተትና የጭማቂ ክዳን ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ድርድሩን ስለሚያዛባ ትልልቆቹ ለፍሬም ዙሪያ ወይም ለአንድ ልዩ ክፍል ይቀመጡ። ከፍታቸውም ይለያያል። አጭሩ 15 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው በቀላሉ ይለያሉ።

በቀለም ስትለዩ “ሰማያዊ” ብላችሁ በአንድ ማዳበሪያ አትሙሉት። ውሃ ሰማያዊው፣ መካከለኛውና ጥቁር ሰማያዊው በሥዕል ላይ ሦስት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው፤ አሁን ካልተለዩ በኋላ እንደገና መበተን ይመጣል። ማታ በአምፖል ብርሃን መለየትም አያዋጣም፤ ቀን በደጅ ብርሃን ይሁን።

ሁሉንም አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። ከአንድ ቀለም 100 ክዳን ቆጥራችሁ መዝኑ፤ ከዚያም ሙሉ ከረጢቱን መዝናችሁ ለዚያ ክብደት ብታካፍሉትና በ100 ብታባዙት ብዛቱን ትደርሱበታላችሁ። ውጤቱን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም በቀለም ጽፋችሁ ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉት። ሠዓሊው ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው።

ስንት ያስፈልጋል ለሚለው የሚከተለው ስሌት ይረዳል። ገበያ ላይ የሚገኘው ኮምፔንሳቶ ብዙውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። እኩል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ሰዎች በቀላሉ የሚሸከሙት 1.22 በ1.22 ሜትር ሰሌዳ ይወጣዋል። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ክዳን በመካከሉ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት እየተተወ በቀጥታ ካሬ ድርድር ሲደረደር በአንድ ሰሌዳ 39 በ39፣ ማለትም 1,521 ክዳን ይገባል። የላይኛው ረድፍ በታችኛው ሁለት ክዳኖች መሐል እንዲቀመጥ ተደርጎ በሰያፍ ሲደረደር ግን 1,733 ይሆናል። ለሚሰበረውና ለኋላ ጥገና የሚቀመጠው 15 በመቶ ሲጨመርበት ለአንድ ሰሌዳ 2,000 ክዳን መያዝ በቂ ነው።

5. ሥዕሉን ከቆጠራው ማውጣት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ለአንድ ሰሌዳ በቆጠራው 900 ሰማያዊ፣ 600 ነጭ፣ 250 አረንጓዴ፣ 150 ቀይ፣ 100 ቢጫና 40 ጥቁር ተገኘ እንበል። ይህ ዝርዝር ራሱ ይናገራል። ሰፊው መደብ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ውሃ፣ ሰማይ፣ ደመና ወይም ትልቅ ነጭ ወፍ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴው አንድ ዛፍ ይችላል፤ ጫካ ግን አይችልም። ቀዩ በሰሌዳው ሁሉ ቢበተን ይጠፋል፤ በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ይሆናል። ጥቁሩ 40 ብቻ ስለሆነ በጥቁር መስመር የሚከበብ ሥዕል ከወዲሁ ይቅር።

ማኅበረሰቡን ሰብስቦ “ምን እንሳል?” ብሎ መጠየቅ የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሃያ ሰው ሃያ ሐሳብ ነው፤ ከዚያም ማንንም የማያስከፋ፣ ማንንም የማያስደስት ነገር ይመረጣል። የሚሻለው ሠዓሊው በተቆጠሩት ቀለሞች ብቻ ሦስት ወይም አራት ረቂቆች አዘጋጅቶ እንዲቀርብና ሰው በእነርሱ ላይ እንዲከራከር ነው። ረቂቁ ገና ያላለቀ መሆን አለበት፤ ያለቀ ሥዕል ሲቀርብለት ሰው በትሕትና አጨብጭቦ ይሄዳል። ግድግዳውን በየቀኑ የሚያዩት፣ ማለትም በአጠገቡ የሚኖሩትና የሚሠሩት፣ በውሳኔው ላይ ከሌላው የበለጠ ድምፅ ይኑራቸው። የድርጅት ዓርማና የሌላ ሠዓሊን ሥራ መገልበጥ ከጅምሩ ክልክል ይደረግ።

ረቂቅ ሲወጣ የክዳኑን ትልቅነት መርሳት አይገባም። አንድ ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር 39 ነጥብ ብቻ ነው። በአምስትና በስድስት ቀለም፣ በ39 ነጥብ ስፋት የሰው ፊት ከነዓይኑና ከነከንፈሩ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ፊት ከተፈለገ አራት ወይም ስድስት ሰሌዳ ተጋጥሞ ይሠራ። በአንድ ረድፍ ክዳን የሚሰመር መስመር ሰያፍ ሲሄድ የተቆራረጠ ስለሚመስል የማንኛውም መስመር ውፍረት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ክዳን ይሁን። የአንድ ክዳን ክብነት ከዓይን ጠፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ሙሉ በሙሉ እንዲዋሐድ ተመልካቹ 100 ሜትር ገደማ መራቅ ይኖርበታል፤ እንዲህ የሚርቅ ስለሌለ ሰው ሥዕሉንም ክዳኑንም በአንድ ላይ ያያል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የዚህ ጥበብ ውበት በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ረቂቁን በባለ ካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ክዳን በአንድ ነጥብ ወክላችሁ አውጡ፤ በሰያፍ የምትደረድሩ ከሆነ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው ረድፍ እያለ በግማሽ ካሬ ይዘዋወር። ከዚያ ወረቀቱን በስልክ አንሥታችሁ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀይና አረንጓዴ በቀለም የተራራቁ ቢሆኑም በጥቁርና ነጭ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆኑ ከሩቅና በደብዛዛ ብርሃን ቅርጹ ይጠፋል ማለት ነው። አንዱን በደማቅ ወይም በፈዛዛ መተካት፣ አለዚያም በመካከላቸው ነጭ ማስገባት ያስፈልጋል። ሥዕሉ ሲጸድቅ እያንዳንዱ ረድፍ ቁጥር ይሰጠውና “ረድፍ 12፦ 7 ነጭ፣ 15 ሰማያዊ፣ 4 ቀይ...” እየተባለ ይጻፍ።

6. ሰሌዳውን ማዘጋጀት

ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይመረጣል፤ ቺፑድ እርጥበት ሲነካው አብጦ ስለሚፈርስ አይሆንም። ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ ሳንቃ ካላችሁ፣ ቀጥ ያለና ያልበሰበሰ እስከሆነ ድረስ፣ ከአዲሱ ይቅደም። አሮጌ ቀለም ያለበትን ግን አትፋቁት፤ በቀድሞ ዘመን በተሠሩ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት ጨርሶ መተው ይሻላል።

ሰሌዳው ከፊትም ከኋላም በውጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ። ውሃ የሚገባው በዋናነት በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ስለሆነ ጠርዙ ሦስተኛ ዙር ይጨመርለት። የፊቱ ቀለም ምርጫ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው፤ ክዳን ክብ በመሆኑ በሰያፍ ድርድር 15 በመቶ፣ በካሬ ድርድር ደግሞ ከሩብ በላይ የሚሆነው የሰሌዳው ገጽ በክፍተቶቹ በኩል ይታያል። ጥቁር ወይም በጣም ጠቆር ያለ መደብ የክዳኖቹን ቀለም ያጎላል፤ ነጭ መደብ ያፈዝዛቸዋል። ጥርጣሬ ካላችሁ በትርፍ ጣውላ ላይ ሃያ ክዳን በሁለቱም መደብ ደርድራችሁ አወዳድሩ።

7. መብሳትና ማሰር

ኮላ የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ መልሱ አጭር ነው። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ተራ ኮላ የማይዛቸው ፕላስቲኮች ናቸው። የያዘ ቢመስልም በሙቀትና በብርድ ሲላቀቅ ይከርማል፤ ጠንካራው ኤፖክሲ ደግሞ ቢይዝ እንኳ ክዳኑን ለዘለዓለም አበላሽቶ መልሶ እንዳይገለገሉበት ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክዳን በአንድ ብሎን ይታሰር።

ክዳኑ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። አፉ ወደ ሰው ከሆነ ጥልቀት ያለው ገጽ ይሰጣል፤ ብሎኑም ውስጡ ይደበቃል፤ ነገር ግን አቧራና ውሃ ይይዛል፤ ለቤት ውስጥ ሥራ ይስማማል። አፉ ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባው ወደ ሰው ከሆነ ዝናብ ያጥበዋል፤ ቀለሙም ሙሉ ሆኖ ይታያል። ለውጭ ግድግዳ ሁለተኛው ይመረጣል። በዚህ አቀማመጥ 15 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላለው ክዳን 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ይስማማል፤ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሰሌዳው ውስጥ ይገባል፣ በጀርባ ግን አይወጣም። ብሎኑ ዚንክ የተለበጠ ወይም የማይዝግ ይሁን፤ ተራ ብረት ከሁለት ክረምት በኋላ በነጩ ክዳን ላይ የዝገት እንባ ያወርዳል።

መብሳቱ የአዋቂ ሥራ ነው። በትርፍ ጣውላ ላይ ክዳኑ ልክ የሚቀመጥበት ክብ ጉድጓድ አውጥታችሁ ክዳኑን በዚያ ውስጥ በማስቀመጥ መሐሉን በ4 ሚሊ ሜትር ድሪል ብሱት፤ በእጅ ተይዞ የሚበሳ ክዳን ከድሪሉ ጋር ይሽከረከርና ጣት ይቆርጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ያለ ምንም ክርክር ይደረግ። ከሥር ሰፊ ሸራ ይነጠፍ፤ በድሪሉ የሚወጣው ጥምዝ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ካልተሰበሰበ በነፋስ ወደ ቦይ ይገባል። ቆሻሻ ለመቀነስ ተነሥቶ ጥቃቅን ፕላስቲክ መዝራት እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር ነው። ክዳኑን ለማቅለጥ ወይም በጋለ ሚስማር ለመብሳትም አይሞከር፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ከማሰር በፊት ሰሌዳው መሬት ላይ ተጋድሞ ክዳኑ ሁሉ ያለ ብሎን ይደርደር። ሕፃናት በነፃነት የሚሠሩበት ክፍል ይህ ነው፤ አንዱ የረድፉን ወረቀት ያነብባል፣ ሌላው ክዳኑን ያቀብላል፣ ሦስተኛው ያስቀምጣል። ድርድሩ እንዳይጣመም ከታች ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በጊዜያዊነት ምቱና የመጀመሪያው ረድፍ እርሱን ይደገፍ። ድርድሩ ሲያልቅ ከወንበር ወይም ከመሰላል ላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ፤ በዓይን የማይታየው ስሕተት በትንሿ የስልክ ገጽ ላይ ወዲያው ጎልቶ ይወጣል። ማስተካከል በዚህ ደረጃ ሁለት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ማሰሩ ይጀመራል። ብሎኑን እስኪጨንቀው አታጥብቁት። ይህ ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት በአሥር እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ክዳን ጀርባው ወደ ውስጥ ይጎደጉድና በፀሐይ ይሰነጠቃል። ልኩ በጣት ሲገፉት በግድ የሚዞር፣ ነገር ግን የማይነቃነቅ መሆኑ ነው። በኤሌክትሪክ ድሪል የምታስሩ ከሆነ ኃይሉን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፤ የመጨረሻውን ሩብ ዙር በካቻቪቴ በእጅ ጨርሱ። አንድ ሰው በደቂቃ ሦስት ክዳን ቢያስር ለአንድ ሰሌዳ አሥር ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አራት ሰው በአራቱ ጠርዝ ተቀምጦ ወደ መሐል እየመጣ ቢሠራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ የሚታሰርባቸው ዘጠኝ ነጥቦች፣ ማለትም ሦስት በሦስት፣ ለጊዜው ያለ ክዳን ይተዉ።

የብረት ቆርኪ በብዛት ያገኘ ቡድን ከሰሌዳ ይልቅ ሽቦ ሊያስብ ይችላል። በጋና ተወልዶ በናይጄሪያ ንሱካ የኖረው የጥበብ ሰው ኤል አናትሱይ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በጣሊያን በሚካሄደው የቬኒስ ቢናሌ የጥበብ ዐውደ ርእይ የሕይወት ዘመን የወርቅ አንበሳ ሽልማት የተሰጠው፣ የአልኮል ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳኖችን እየጠፈጠፈ በመዳብ ሽቦ ጎን ለጎን በማሰር እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍና በተሰቀለ ቁጥር ሌላ ቅርጽ የሚይዝ ግዙፍ ሥራ ይሠራል። መንገዱ ለማኅበረሰብ ቡድን ተስማሚ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ በቤቱ ሠርቶ ያመጣና ቁራጮቹ በመጨረሻ ይጋጠማሉ። ቆርኪው አራት ቀዳዳ ይበሳለታል፤ የቀዳዳው ሹል ጠርዝ በመዶሻ መደብደብ፣ የሽቦው ጫፍም በፒንሳ ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት። የብረት ቆርኪ ከአሉሚኒየሙ በተለየ ስለሚዝግ ለጣሪያ ሥር ወይም ለቤት ውስጥ ብቻ ይዋል።

8. መስቀል

ያለቀ ሰሌዳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከግድግዳው ጋር በቀጥታ አይለጠፍ፤ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሦስት የቁም ቋሚዎች መጀመሪያ በፊሸርና በረጅም ብሎን ግድግዳው ላይ ይታሰሩ፤ ሰሌዳው በእነርሱ ላይ ያርፋል። በመካከል የሚያልፈው አየር እርጥበቱን ያደርቃል፤ ቋሚዎቹ በአግድም ቢሆኑ ኖሮ ውሃውን ያቁሩት ነበር። ቋሚዎቹ በውሃ ልክና በቱምቢ ይፈተሹ። የሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ዝናብ የሚረጨው ጭቃ እስከዚያ ይደርሳልና። ሰሌዳው በተተዉት ዘጠኝ ነጥቦች በኩል ከታሰረ በኋላ በቀሩት ክዳኖች ይሸፈናል፤ በዚህም የመስቀያው ብሎን ከውጭ አይታይም።

ግድግዳው የጭቃ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም ሥራው ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣ ከሆነ የግንባታ ባለሙያ ሳያይ አይሰቀል። በሎስ አንጀለስ ሳይመን ሮዲያ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ከብረት ዘንግ፣ ከሲሚንቶ፣ ከጠርሙስ ስባሪና ከሴራሚክ ብቻውን ያቆማቸው ማማዎች ለአደጋ ያሰጋሉ ተብለው ሊፈርሱ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1959 በ4,500 ኪሎ ግራም ገደማ ጉልበት ወደ ጎን ተስበው ጸንተው በመገኘታቸው ተርፈዋል። የእናንተ ሰሌዳ ይህን ያህል ፈተና አያስፈልገውም፤ ሆኖም አንድ ሰው ከታች ጠርዙን ይዞ ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት መነቃነቅ የለበትም፤ ልጆች መንጠላጠላቸው አይቀርምና።

9. ጥገናና ማውረድ

በዓመት ሁለት ጊዜ ለስላሳ ብሩሽና የሳሙና ውሃ ይበቃል። በዚያው ጊዜ የላሉ ብሎኖች ይጠበቁ፣ የተሰነጠቁ ክዳኖች ይተኩ። ለመተኪያ የተቀመጠው ክዳን ሁሉ በጨለማ ከረጢት ከቆየ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲገባ ከጎረቤቶቹ ደምቆ ዕራፊ ይመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀለም ግማሹን በጥላ፣ ግማሹን ደግሞ በወንፊት ሽቦ ታጥሮ ሥዕሉ ባለበት አቅጣጫ በፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥዕሉ እኩል ይደበዝዛል።

በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ዘመን ሲደርስ፣ ወይም ከክዳኖቹ ከአምስቱ አንዱ መሰነጠቅ ከጀመረ፣ ሥዕሉ ይውረድ። የመፍቻው ቅደም ተከተል የማሰሪያው ተቃራኒ ነው፤ ሽፋን ክዳኖቹ፣ ዘጠኙ ብሎኖች፣ ከዚያ ሰሌዳው። መሬት ላይ ካወረዳችሁት በኋላ ብሎኖቹን በአንድ ዕቃ፣ ክዳኖቹን በቁጥር 2 እና በቁጥር 5 ለይታችሁ በሌላ ሰብስቡ። ቁጥሩ በብዙ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በትንሹ ታትሞ ይገኛል፤ ያልተጻፈበት ለብቻው ይቀመጥና መልሶ ተጠቃሚው ድርጅት በተደባለቀ ፕላስቲክ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥርት ያሉት ለሚቀጥለው ሰሌዳ ይቀመጣሉ፤ ብሎኖቹና ቋሚዎቹም እንዲሁ። በግድግዳው ላይ የቀሩት የፊሸር ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነው ቀለም ከተቀቡ በኋላ የፈቃዱ ደብዳቤ ከባለቤቱ ፊርማ ጋር ይዘጋል።